ባለ አንድ መምህር ዲፓርትመንት

ጠያቂዬ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ደብዳቤዋ ረዘም ያለ ነበር። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ የማስተምረው ትንሽ ከተማ ውስጥ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አራት የክፍል ደረጃ፣ በየደረጃው ሁለት ሁለት ሴክሽን፣ በድምሩ ስምንት ሴክሽን አለን። ፊዚክስ አንድ መምህር፣ ኬሚስትሪ ሁለት፣ ባዮሎጂ ሁለት። ርዕሰ መምህሩ ‹አንድ ሰው ብቻውን ዲፓርትመንት አይባልም› ብለው ሦስቱን ሊያዋህዱ ወስነዋል። ኃላፊ የተደረግኩት እኔ ነኝ። ለመምህራኑ አልተዋጠላቸውም። የፊዚክሱ መምህር በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ‹አንቺ ስለ ፊዚክስ ምን ታውቂና ነው እኔን የምትመሪው?› አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ ግን ገብቶኛል። መዋሃዱ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? እሳቸውንስ እንዴት ልያዛቸው?»

እህቴ፣ ርዕሰ መምህሩም እውነት አላቸው፣ የፊዚክሱ መምህርም እውነት አላቸው። ያልተግባቡት ስለ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እያወሩ ስለሆነ ነው። ዲፓርትመንት በሚለው ስም ሥር ሁለት ሥራ ተደብቋል።

አንደኛው የቢሮ ሥራ ነው። ፔሬድ መደልደል፣ የቀረ መምህር ክፍል ማስሸፈን፣ ማርክ ሊስት በጊዜው መሰብሰብ፣ የላብራቶሪ (ላብ) ዕቃ መጠየቅ፣ ስብሰባ መጥራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ሪፖርት መጻፍ። ለዚህ ሁሉ ፊዚክስ ማወቅ አያስፈልግም። ለአንድ ሰው ቃለ ጉባኤ ማስያዝ እንዲያውም ያስቃል። ሰብሳቢው እሳቸው፣ ጸሐፊው እሳቸው፣ በሙሉ ድምፅ ያጸደቁትም እሳቸው!

ሁለተኛው የትምህርቱ ሥራ ነው። ተማሪው የቱ ጋ ነው የሚሳሳተው? ይህ ጥያቄ የሚፈትነው ማስታወስን ነው ወይስ መረዳትን? የትኛው ምዕራፍ ላይ ሁለት ሳምንት ይቆየን፣ የቱን በሁለት ፔሬድ እንለፈው? ይህን ሊመልስ የሚችለው ያንኑ ትምህርት ያስተማረ ሰው ነው።

ርዕሰ መምህሩ የሚያዩት የመጀመሪያውን ነው። የፊዚክሱ መምህር የሚፈሩት ለሁለተኛው ነው። ስለዚህ የኔ መልስ፦ የቢሮውን ሥራ አዋህዱት፤ የትምህርቱን ሥራ ግን አትንኩት። ከነካችሁትም ልታጠናክሩት ይሁን። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህ በተግባር እንዴት እንደሚሆን ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበል። የትምህርት አከፋፈሉ ከሰማይ የወረደ የሚመስላቸው መምህራን አሉ። አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1892 የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት በነበሩት በቻርልስ ኤልየት ሰብሳቢነት አሥር ሰዎች ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ምን ይማሩ የሚለውን እንዲመክሩ ዘጠኝ ንዑሳን ጉባኤዎች አዋቀረ። በዚያ ድልድል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና አስትሮኖሚ በአንድ ጉባኤ ነበሩ። ጂኦግራፊ ደግሞ ከጂኦሎጂና ከሜትሮሎጂ ጋር ተቀምጧል። ዛሬ በብዙ ቦታ አስትሮኖሚ የራሱ ወንበር የለውም፤ ጂኦግራፊም ሄዶ ከታሪክ ጎን ተቀምጧል። ማን ከማን ጋር ይሁን የሚለው ምንጊዜም የስብሰባ ውሳኔ ነበር። «ፊዚክስና ኬሚስትሪ በአንድ ጣሪያ ሥር አይኖሩም» የሚልሽ ካለ ይህን ንገሪው።

ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ ወደ ሽማግሌው ልዙር። «አንቺ ስለ ፊዚክስ ምን ታውቂያለሽ?» ያሉት ነገር ንቀት ብቻ እንዳይመስልሽ። ሊ ሹልማን የተባሉት የትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ ነጥብ አንስተው ነበር። ትምህርቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ የማስተማር ዘዴ ማወቅም ሌላ ነገር ነው፤ በሁለቱ መሐል ግን ሦስተኛ ዕውቀት አለ። ያንን ልዩ ትምህርት ለተማሪ እንዴት ማስረዳት እንደሚቻልና ተማሪው የት የት እንደሚሰናከል ማወቅ። ይህ ዕውቀት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በወጉ አይገኝም። የሚገኘው ብዙ ደብተርና ብዙ ፈተና በማረም ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ኳስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ። ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ይቆማል። «እዚያ ላይ አክስለሬሽኑ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። አክስለሬሽን ማለት ፍጥነት በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ነው። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ጎበዞች ሳይቀር «ዜሮ» የሚል አይጠፋም። መልሱ ግን ወደ ታች 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው፤ ኳሱ ሲወጣም፣ ጫፍ ላይም፣ ሲወርድም ያው ነው። ልምድ የሌለው መምህር መልሱን አርሞ ያልፋል። ልምድ ያላቸው ግን የት እንደተበላሸ ያውቁታል፦ ተማሪው «ፍጥነቱ ዜሮ ነው» እና «ፍጥነቱ አይለወጥም» የሚሉትን አምታቷቸዋል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ያስከትላሉ። «ፍጥነቱ የማይለወጥ ከሆነ ታዲያ ኳሱ ለምን እዚያው አየር ላይ አይቀርም?» ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንዱ «አሃ!» ይላል።

አየሽ፣ ይቺን አንዲት ጥያቄ አንቺም እኔም ከወንበራችን ተነስተን ልናመጣት አንችልም። ርዕሰ መምህሩ ሲያዋህዱ እንዳይጠፋ መጠበቅ ያለበት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ልናገር። መዋሃዱ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ያውም ለትንሽ ትምህርት ቤት። ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ስምንት የፊዚክስ መምህራን እርስ በርስ ሲያወሩ ይውላሉ፤ የኬሚስትሪዎቹን ላያውቋቸው ይችላሉ። እናንተ አምስት ናችሁ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ትበቃላችሁ። የምታስተምሩትም ያንኑ ልጅ ነው።

ያ ልጅ ጠዋት ባዮሎጂ ላይ ምን ይሰማል? «ኤቲፒ ውስጥ ያለው ቦንድ ሲሰበር ኃይል ይወጣል።» (ኤቲፒ ሴል ለኃይል የሚጠቀምበት ሞለኪውል ነው፤ ቦንድ ደግሞ አተሞችን የሚያያይዘው ትስስር።) ከሰዓት ኬሚስትሪ ላይ ምን ይሰማል? «ቦንድ ለመስበር ምንጊዜም ኃይል ይፈልጋል፤ ኃይል የሚወጣው ቦንድ ሲፈጠር ነው።» ልጁ ሁለቱንም ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሁለቱንም ሸመደደ። በባዮሎጂ ፈተና የባዮሎጂውን፣ በኬሚስትሪ ፈተና የኬሚስትሪውን መልሶ ሁለቱንም አለፈ። ሁለቱ እንደሚጋጩ ማንም አልነገረውም።

ሐቁ የኬሚስትሪው ነው። ኤቲፒ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ የሚሰበሩ ቦንዶች አሉ፤ እነሱ ኃይል ይወስዳሉ። የሚፈጠሩትም አሉ፤ ውጤቶቹ ከመጀመሪያው ይልቅ የተረጋጉ ስለሆኑ ሒሳቡ ሲወራረድ ትርፉ ኃይል ነው። በመደበኛ ሁኔታ ለአንድ ሞል ወደ 30.5 ኪሎ ጁል። የባዮሎጂ መምህራን «ቦንዱ ሲሰበር» የምንለው ለማሳጠር ነው። (አዎ፣ እኔም ባዮሎጂ ነኝ።) ግን ልጁ ማሳጠሪያ መሆኑን በምን ያውቃል?

የመጀመሪያው ስብሰባሽ አጀንዳ ይህ ይሁን። «የሳይንስ ዲፓርትመንት መዋቅር» የሚል አጀንዳ ይዘሽ አትግቢ፤ መጨረሻው ንትርክ ነው። ይልቅስ የራስሽን ትምህርት አምጪ። «እኔ ክፍል ውስጥ እንዲህ እላለሁ፤ እናንተ እንዲያ ትላላችሁ፤ ልጆቹ መሐል ላይ ቀርተዋል፤ እንዴት እናድርግ?» በይ። ኃላፊዋ የራሷን ትምህርት ለትችት ስታቀርብ ሌላው ይፈታል። የፊዚክሱ መምህርም ስለ ኃይል ጉዳይ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ እመኚኝ።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለው ነገር አያልቅም። የኬሚስትሪ መምህሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ላይ ሲደርስ ሎጋሪዝም ይፈልጋል። ሒሳብ መምህሩ ደግሞ ሎጋሪዝም ላይ ገና አልደረሰም። ሒሳብ ክፍል ኤክስን መፈለግ የሚችል ልጅ ፊዚክስ ክፍል ሲገባ ጊዜን ከቀመር ነጥሎ ማውጣት ያቅተዋል፤ ፊደሉ ስለተለወጠ ብቻ። እዚህ ላይ የሒሳብ መምህሩን አንዳንዴ ስብሰባችሁ ላይ ብትጋብዙት አይከፋም። የኢኮኖሚክስ መምህሩም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ ዋጋን በቋሚው መስመር ላይ ሲያደርግ ሒሳብ ከተማሩት ጋር ይጋጭባቸዋል። ያ ከኢኮኖሚስቱ ከአልፍሬድ ማርሻል ዘመን ጀምሮ የተለመደ አሳሳል ነው፤ ግን ለልጁ ማንም አላስረዳውም።

ወደ ፔሬድ ድልድሉ እንምጣ። መምህር የሚኳረፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በደብዳቤሽ ላይ የሳምንቱን ፔሬድ አልጻፍሽም። እያንዳንዱ የሳይንስ ትምህርት በሳምንት አራት ፔሬድ አለው እንበል። ስምንት ሴክሽን ሲባዛ በአራት 32 ነው። ኬሚስትሪዎቹ ሁለት ስለሆኑ 16፣ 16 ይደርሳቸዋል። እናንተም እንደዚያው። የፊዚክሱ መምህር ግን ብቻቸውን 32! በቀን ሰባት ፔሬድ ቢኖር ሳምንቱ በሙሉ 35 ነው። ሰውዬው የሚተነፍሱት በሳምንት ሦስት ፔሬድ ብቻ ነው ማለት ነው። ሎዱ እንዲህ ከሆነ የሚናደዱት በአንቺ ላይ ብቻ አይደለም።

ዲፓርትመንቶቹ ተነጣጥለው ሳሉ ይህ አይታይም ነበር። እያንዳንዱ የራሱን ይደለድላል፤ ፊዚክስም የራሱን ይደለድላል። ሲዋሃድ ግን ድምሩ አንድ ወረቀት ላይ ይወጣል፦ 96 ፔሬድ፣ አምስት መምህር፣ በአማካይ 19 እና ትንሽ። ስለዚህ እንዲህ ብታደርጊ ምን ይመስልሻል? የፊዚክሱ መምህር ስድስት ሴክሽን ይያዙ፤ 24 ፔሬድ ይሆናል። ከኬሚስትሪዎቹ አንዱ አምስት የኬሚስትሪ ሴክሽን ይያዝ፤ 20። ሌላው ሦስት የኬሚስትሪና ሁለት የፊዚክስ፤ እሱም 20። እናንተ ባዮሎጂዎች በ16 ትቀራላችሁ። ግን በነጻ አይደለም፤ የላብ ዝግጅቱና የዲፓርትመንቱ ወረቀት ሥራ ወደ እናንተ ይዙር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ያልተማረውን እንዲያስተምር የሚመደብ መምህር ጉዳይ በየአገሩ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ኢንገርሶል ይህን ሲያጠኑ የደረሱበት ነገር ለአንቺ ይጠቅማል፤ ችግሩ ባብዛኛው መምህሩ ስላልተማረ አይደለም፤ የተማረውን ሰው ትምህርት ቤቱ ካልተማረው ቦታ ስለሚመድበው ነው። ማለትም የአመዳደብ ችግር ነው። አመዳደቡ ደግሞ አሁን በአንቺ እጅ ነው።

ስለዚህ ለኬሚስትሪው መምህር የምትሰጪውን ሁለት የፊዚክስ ሴክሽን ከሁለት የክፍል ደረጃ አታውጪ። ከአንድ ደረጃ ሁለቱንም ሴክሽን ስጪው። አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ ሁለት ጊዜ ያስተምራል። ሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ያርማል። ሎድ የሚቆጠረው በፔሬድ ነው፤ መምህርን የሚገድለው ግን የዝግጅቱ ብዛት ነው። 20 ፔሬድ በሁለት ዝግጅትና 20 ፔሬድ በአራት ዝግጅት አንድ አይደሉም። ይህን የማያስተምር ሰው አይረዳውም።

የትኛውን ደረጃ ይስጡት? ብዙዎች «ዝቅተኛውን፣ ቀላል ነው» ይላሉ። አልስማማም። ልጁ ፊዚክስን የሚወደውም የሚጠላውም መጀመሪያ ላይ ነው። ኬሚስትሪ ለተማረ ሰው ሙቀት፣ ጋዞችና ኤሌክትሪክ የሚበዙበት ደረጃ ይሻለዋል። ግን አንቺ አትወስኚ። የፊዚክሱን መምህር ጠይቂ። «የትኛውን ደረጃ ብንሰጠው ትምህርቱ አይበላሽም ይላሉ? እርስዎ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ፔሬድ ቢያግዙት?» ይህን ጥያቄ ስትጠይቂያቸው አመራርሽን ተቀበሉ ማለት ነው፤ ስሙን ሳትጠሪው።

አሁን እሳቸውን እንዴት ትይዣቸዋለሽ ወደሚለው።

በመጀመሪያ፣ የፊዚክስ ጉዳይ መሪ እሳቸው ናቸው በይ። በቃለ ጉባኤ አስገቢው። እያንዳንዱ ትምህርት ተጠሪ ይኑረው፤ አንቺ ደግሞ አስተባባሪ ሁኚ። የፊዚክስ ፈተና ላይ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። ክርክሩ ግማሹ እዚህ ላይ ያልቃል።

ክፍል ገብተሽ ማየት ግን አይቀርልሽም። ስትገቢ ስለ ፊዚክሱ አስተያየት አትስጪ፣ ቢገባሽም። አንቺ የምታዪው ሌላ ነገር ነው፤ ልጆቹን። ከኋላ ተቀመጪ። ማን ጠየቀ? ማን ዝም አለ? ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ልጅ ደብተሩ ላይ ምን ጻፈ? ስዕሉ ላይ ቀስቱን ወዴት አዞረው? ጻፊው፤ እንዳለ፣ ያለ ፍርድ። ጃፓን ውስጥ መምህራን ተሰብስበው አንድን ትምህርት አብረው ያቅዳሉ። አንዱ ያስተምራል፤ ሌሎቹ ተማሪዎቹን ያያሉ፤ ከዚያ ይወያያሉ። መምህሩ እንዴት እንደተናገረ ሳይሆን ልጁ ምን እንዳሰበ ነው የሚነጋገሩት። ዓይንን ከመምህሩ ላይ ማንሳት በዕድሜ ለሚበልጡሽ ሰው ትልቅ አክብሮት ነው።

ሌላም የምትቆጥሪው አለ፤ ዝምታ። መምህሩ ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ፣ ወይም ራሱ እስኪመልስ ድረስ ስንት ሰከንድ ጠበቀ? ሜሪ በድ ሮው የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲለኩ መምህራን በአብዛኛው የሚጠብቁት ወደ አንድ ሰከንድ ብቻ ሆኖ አገኙት። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ይጀምራሉ። ይህን ለመቁጠር ፊዚክስ መማር አያስፈልግሽም። ግን መጀመሪያ አንቺ ክፍል ገብተው እሳቸው ይቁጠሩልሽ። እሳቸው ሳይገቡ አንቺ አትግቢ። ከምሬ ነው።

ከክፍሉ ስትወጪ የምትይው ዓረፍተ ነገር ይህ ይሁን፦ «መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀስቱን ወደ ላይ ነው የሳለችው፤ ለምን ይመስልዎታል?» ከዚያ ዝም በይ። መልሱን ከእሳቸው ትማሪያለሽ፤ እሳቸውም አንድ ነገር ያያሉ። «ትምህርቱ ጥሩ ነበር፣ ግን የተማሪ ተሳትፎ ቢጨመር» የሚለውን የቅጽ አስተያየት ተይው። እንዲህ የተባለ መምህር ሲለወጥ አላየሁም።

ሁሉም ተስተካክሎ አንድ ነገር ግን አይፈታም። የፊዚክሱ መምህር አሁንም ብቻቸውን ናቸው። አምስታችሁ ብትሰበሰቡም ያ የኳስ ጉዳይ ላይ የሚከራከራቸው እኩያ የለም። ለብቸኛ መምህር የሚያስፈልገው ጓደኛ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ነው ያለው። በአቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት ያለ ሌላ የፊዚክስ መምህር፣ እሱም ብቻውን የሆነ። አንቺ የምትሠሪው ሁለቱን ማገናኘት ነው፤ ለዚያም ጊዜና ፈቃድ ማስፈቀድ።

ሲገናኙ «ልምድ እንለዋወጥ» ብለው እንዳይቀመጡ፤ ያ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ወረቀት ይዘው ይገናኙ። ከእያንዳንዳቸው አሥር የተማሪ ፈተና፣ ጽሑፍ መልስ ያለበት፣ የተማሪው ስም የተሸፈነ። ሁለቱም ያርሙት፤ ማርኩን ግን ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ይጻፉ፤ አንዱ የሌላውን እንዳያይ። ከዚያ ያወዳድሩ። አንዱ ለአንድ መልስ ከአምስት አራት፣ ሌላው ሁለት ሰጥቶ ሲገኝ እውነተኛው ውይይት ይጀምራል። «ቀመሩን በትክክል ጽፎ ቁጥሩን ከተሳሳተ ስንት ነው?» «ዩኒት ካልጻፈስ?» ይህን ለአንድ ፈተና ከተስማሙ ለሚቀጥለው ጊዜ የጋራ የእርማት መመሪያ አላቸው ማለት ነው።

ይህ መመሪያ ትንሽ ከተማ ላይ ሌላም ጥቅም አለው። ትልቅ ከተማ ውስጥ መምህር ከሥራ ሲወጣ ማንም አያውቀውም። ትንሽ ከተማ ግን የተማሪው አባት መንገድ ላይ ያገኝሃል፤ እናቱ ከሚስትህ ጋር ትተዋወቃለች፤ አንዳንዴም ተማሪው የራስህ ልጅ ነው። «ለልጄ ሁለት ማርክ ብትጨምርለት ምን አለበት?» የሚል ሰው ፊት ለፊት ሲቆም «አልችልም» ማለት ለብቻው ከባድ ነው። «ዲፓርትመንቱ የተስማማበት መመሪያ ነው፤ ከፈለጉ ሌላ መምህር እንዲያየው እናደርጋለን» ማለት ግን ይቀላል። መምህሩ የራሱን ልጅ፣ የእህቱን ልጅ የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ የዚያን ልጅ ወረቀት ሌላ ሰው ይረመው፤ በስምምነት፣ ሳይጠረጠር በፊት።

ምርጫ ጥያቄዎችን በተመለከተ ኮምፒዩተር የማያስፈልገው አሠራር አለ። የአንዱን ደረጃ ሁለት ሴክሽን ወረቀት በውጤት ቅደም ተከተል ደርድሩት። 80 ተማሪ ካለ ከላይ 22፣ ከታች 22 አውጡ። 27 በመቶ ማለት ነው፤ ትሩማን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1939 በስሌት ያሳዩት ተስማሚ መጠን ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከላይኞቹ ስንቱ፣ ከታችኞቹ ስንቱ አገኙት ብላችሁ ቁጠሩ። ከላይ 18፣ ከታች 7 ካገኙት ልዩነቱ 11፣ ለ22 ሲካፈል 0.5፤ ጎበዝ ጥያቄ ነው። ከላይ 6፣ ከታች 11 ካገኙት ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል። መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱ እዚያ ነው። ቁልፉ ልክ ከሆነ ጥያቄው ሁለት መልስ ይኖረዋል፤ ጎበዞቹ ያዩትን ሌላ መልስ አውጪው አላየውም። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ግን 0.4 እና 0.5 መሐል ስላለው ልዩነት አትጨቃጨቁ። የምትፈልጉት ቀይ የበራበትን ጥያቄ ብቻ ነው።

ይህን ባዮሎጂውም ኬሚስትሪውም ፊዚክሱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ይችላል፤ ቆጠራው አንድ ነው። የተቆጠረውን መተርጎም ግን ለየባለቤቱ።

የተገኘውን ጻፉት። ትንሽ ትምህርት ቤት ትልቁ ችግሩ ሰው ሲዛወር ሁሉም ነገር አብሮ መሄዱ ነው። ስድስት መምህር ካለበት አንዱ ቢሄድ አምስቱ ያስታውሳሉ። አንድ ካለበት ግን ማስታወሻው ራሱ ነው የሚሄደው። የፊዚክሱ መምህር በጡረታ ሲወጡ ያ የኳስ ጥያቄ አብሯቸው ይወጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ፎልደር ይኑር፤ ወረቀት ይሁን። ውስጡ ሦስት ነገር ይግባ፦ ልጆቹ የሚሳሳቱት የቱ ጋ እንደሆነ፣ የሠራላቸው ማስረጃ ወይም ጥያቄ፣ ያለፈው ፈተና ከነቆጠራው። የዓመት ዕቅድና ሌሰን ፕላን አታስገቡበት። እነዚያ በሌላ ፋይል ሞልተዋል፤ ማንም አያነባቸውም።

ሽማግሌው «ጊዜ የለኝም» ካሉ አንዱን ወጣት መምህር ከአጠገባቸው አስቀምጪና እሳቸው ይናገሩ፣ እሱ ይጻፍ። ፊዚክስ እንዲያስተምር የተመደበው የኬሚስትሪ መምህር ለዚህ ተፈጥሯል።

ስለ ላቡ ባጭሩ። ሦስቱም አንድ ክፍል የሚጋሩ ከሆነ ቁልፉ በአንድ ሰው ስም ይሁን፤ እሱም ኬሚስትሪ የተማረ። የባዮሎጂዎቹ ሥራ ዕቃውን ማዘጋጀትና ማጠብ ነው፤ ኬሚካሉ ግን የሱ ነው። መደርደሪያውን በፊደል ተራ ያስቀመጠ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይፍረስ። የፊደል ተራ ሊቀራረቡ የማይገባቸውን ያጎራብታል። አሲድ ከቤዝ ይለይ፤ ናይትሪክ አሲድ ከአሴቲክ አሲድና ከአልኮል ይራቅ፤ በቀላሉ የሚቀጣጠሉት ለብቻቸው። የተቀደደ ወይም ጽሑፉ የጠፋ መለያ ያለበትን ጠርሙስ እያሸተቱ ለመለየት እንዳትሞክሩ።

አሁን የቀረሽ ርዕሰ መምህሩ ናቸው። ውህደቱን «እሺ» በያቸው፤ ግን በምትኩ ሦስት ነገር ጠይቂ። አምስታችሁም ክፍል የማትገቡበት አንድ የጋራ ፔሬድ በሳምንት። ይህ ከሌለ ውህደቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ስብሰባ ስትጠሪ ሰው ሰዓቱን እያየ ነው የሚያዳምጥሽ። ሁለተኛ፣ የየትምህርቱ ተጠሪ ስም በደብዳቤ እንዲጻፍ፤ በተለይ የፊዚክሱ። ሦስተኛ፣ የፊዚክሱ መምህር በሴሚስተር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ጎረቤት ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ፈቃድ።

ሦስቱንም ካልሰጡሽ የመጀመሪያውን አትልቀቂ፤ ሌላው ይደረስበታል። ጥያቄውንም ድልድሉ ከመውጣቱ በፊት አቅርቢ፣ ከ96ቱ ፔሬድ ሒሳብ ጋር አንድ ገጽ ላይ ጽፈሽ። አንድ ጊዜ ተለጥፎ ከወጣ በኋላ «ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» ነው የምትባይው።